የኮምቦልቻ ባቡር መንገደኛ አያጣም፤ ለ«ጭነት ብቻ ይሁን» ባዩ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ሥራ ሲጀምር ለጭነት ብቻ ይዋል፣ መንገደኛ ማመላለስ ከንቱ ድካም ነው ይላል። ጥሩ አማርኛ ነው፤ ስድብ የለበትም፤ ጸሐፊው አገሩን እንደሚያውቁትም ያስታውቃል። ብዙ ሰው «እውነታቸውን ነው» እያለ ያስተላለፈውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ከመደምደሚያቸው ጋር አልስማማም።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ክርክር ሳላጣምም ላስቀምጠው። የወሎ ሰው የለመደው አውቶቡስ ነው፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ባቡር በመንገደኛ በኩል የተጠበቀውን ያህል አለመሆኑ የእኛ ሰው ባቡር እንደማይወድ ያሳያል ይላሉ። ጣቢያው ኮምቦልቻ ስለሆነ ዋናው መንገደኛ ያለባት ደሴ ቀርታለች፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ተራራ ወርዶ ባቡር የሚጠብቅ የለም ይላሉ። ሐዲዱ በአዋሽ ዞሮ ስለሚሄድ ከአስፋልቱ ይረዝማል፣ የፈረንጅ አገር ዓይነት ፈጣን ባቡርም አይደለም፣ ስለዚህ አውቶቡስን አያሸንፍም ይላሉ። በመጨረሻም የመንገደኛ ባቡር የትም አገር ወጪውን አይመልስም፤ ዕዳ ያለበት አገር የሚያዋጣውን ጭነት ይያዝ ነው ነገሩ።

ከጅቡቲው ባቡር ልጀምር፤ የክርክሩ ምሰሶ እሱ ነውና። ያ ባቡር ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ሲጀምር መንገደኛ የሚጭነው በየሁለት ቀኑ ነበር። የአዲስ አበባ መነሻው ለቡ ነው፤ የከተማው ጫፍ። ድሬዳዋ ላይም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። የድሮው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የቆመው ለገሃር፣ እመሃል ከተማ ነበር፤ ከባቡር የወረደ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ በእግሩ ወደ ጉዳዩ መሄድ ይችል ነበር። አሁን ግን ድሬዳዋ ሥራ ያለው ነጋዴ ከመርካቶ ተነስቶ በማለዳ ለቡ መድረስ አለበት። በየሁለት ቀኑ በሚሄድበት ጊዜ የዕለቱ ካመለጠው የሚጠብቀው የማግሥቱን ሳይሆን ከማግሥቱ ቀጥሎ ያለውን ነበር። በሁለት ቀን አንዴ የሚከፈት፣ ከሰፈር ውጭ ያለ ሱቅ ደንበኛ ቢያጣ የሰፈሩ ሰው ስኳር አይወድም አይባልም።

የመንገደኛ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚነግረን የቀረበው አገልግሎት ምን እንደሚመስል ነው። በቀን ስንት ጊዜ ይነሳል? በተባለው ሰዓት ይደርሳል? ከጣቢያው ወዲያና ወዲህ ያለው መንገድስ? ለእነዚህ መልስ ሳይሰጡ የሕዝቡን ልማድ መክሰስ ቀላል ነው። ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ግን ትክክል ናቸው፤ በዚያ መስመር ላይ ከብትና ግመል ሐዲድ ውስጥ እየገባ፣ ሽቦና ብረት እየተሰረቀ ባቡሩ ሲዘገይ ኖሯል። አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ያዘገየኸው መንገደኛ ሁለተኛ አይመጣም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። ኮምቦልቻም ተመሳሳይ ነገር እንደሚጠብቃት ማሰብ ተገቢ ነው። አጥርና ጥበቃ ሳይኖር የሰዓት ሰሌዳ ማውጣት ወረቀት ማባከን ነው።

«የእኛ ሰው ባቡር አይወድም» ለሚለው ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ያሳፍር ነበር፤ ሰዉም መተንፈሻ እስኪያጣ ይሞላው ነበር። ኋላ አገልግሎቱ የተዳከመው ሰው ስለጠላው ሳይሆን ከ41 ባቡሮቹ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ስለቆሙ ነው። ይህ ምሳሌ እኔንም በአንድ በኩል ይጎዳኛል፤ ታሪፍን አርክሶ ለጥገና ገንዘብ ሳያስቀምጡ ሰው መሰብሰብ ዕድሜ እንደሌለው ያሳያልና። ስለዚህ የኮምቦልቻው ባቡር ዋጋ ከአውቶቡስ በግማሽ ይርከስ የሚሉትን አልደግፍም። ደህና አውቶቡስ የሚያስከፍለውን ያስከፍል፤ ግን በሰዓቱ ይነሳ።

ወደ ደሴ እንምጣ። በእኔ ግምት ጽሑፉን ያሰራጨው ይህ ነጥብ ነው፤ ደሴ ላይ የቆየ ቅሬታ ይነካል። ባቡሩ ኮምቦልቻ ቀረ፣ ደሴን ረሳት የሚል ወሬ ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት ጀምሮ ነበር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ በመሃል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን በመኪና የወጣ ሰው ከባድ ባቡር ለምን እንደማይወጣው ያውቃል። ሐዲድ እንደ አስፋልት በትንሽ ርቀት እየተጠማዘዘ መውጣት አይችልም፤ ዳገቱን ለማለዘብ ብዙ ዞሮ ወይ ብዙ ዋሻ ፈልፍሎ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ የደሴ ሰው ለባቡር ሲል ኮምቦልቻ አይወርድም? አውሮፕላን ማረፊያውም እኮ ኮምቦልቻ ነው። የደሴ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲበር ሐረጎን ወርዶ ነው የሚበረው፤ ጣቢያው ደሴ ስላልሆነ አውሮፕላን ቀረብን ያለ አልሰማሁም። እርግጥ አውሮፕላን የሚሳፈረው ኮንትራት ታክሲ የሚይዝ ሰው ነው ይባል ይሆናል፤ ልክ ነው። ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ የሚውለው ማንን ይዞ ነው? ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ኮምቦልቻ እየኖረ ደሴ ሆስፒታል ወይ ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው፣ ሁለቱም ከተማ ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ነው። ሐረጎ ለእነዚህ ሰዎች የዕለት መንገዳቸው ነው።

የሐረርና የድሬዳዋ ታሪክ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው፤ ዳገቱ ከበደና በ1895 ዓ.ም. ታች ሜዳው ላይ ቆመ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚያ ምክንያት ነው። የሐረር ሰውና የሐረር ቡና 50 ኪሎ ሜትር ያህል እየወረዱ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያ ባቡር ተጓዙ። ያን ጊዜ አማራጭ አልነበረም ብሎ የሚከራከረኝ ቢኖር አላሳፍረውም፤ በእርግጥ ዛሬ አውቶቡስ አለ። ታሪኩ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከላይ ያለ ከተማ ታች ያለ ጣቢያ ሊጠቀም ይችላል፤ ርቀቱ በራሱ አይከለክልም።

አማራጭ እያለስ? ኬንያን እንይ። የሞምባሳ–ናይሮቢ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ሲጀምር ሁለቱም ጣቢያዎቹ ከከተማ የወጡ ነበሩ፤ የናይሮቢው ስዮኪማው፣ የሞምባሳው ሚሪቲኒ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሌት ተቀን የሚሄድ አውቶቡስ ሞልቷል። ያም ሆኖ የበዓል ሰሞን ትኬት ቀድሞ የሚያልቅበት ባቡር ሆነ። ሚስጥሩ ቀላል ነው። ስዮኪማው የደረሰውን መንገደኛ ተቀብሎ መሃል ናይሮቢ የሚያደርስ አጭር ባቡር አዘጋጁለት፤ ትኬቱ በስልክ ይቆረጣል፤ ባቡሩ በየቀኑ ይሄዳል። ሁለት ዓይነት ጉዞም አለ፤ አንዱ በቀጥታ የሚያደርስ፣ ሌላው እንደ ቮይና እንደ ምቲቶ አንዴይ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ላይ እየቆመ የሚሄድ። የኬንያ ሐዲድ ብድር ሌላ ራስ ምታት ነው፤ እሱን አልክድም። የመንገደኛ እጥረት ግን የዚያ ባቡር ችግር አልነበረም።

ስለዚህ የደሴ ጥያቄ የሚፈታው በዚህች 25 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው «ከጣቢያው አውቶቡስ ይመደባል» ብሎ የሚያልፈው ቦታ ነውና።

መመደብ ብቻውን ምንም አይደለም። ከደሴ የሚነሳው መንገደኛ የሚፈራው ሚኒባሱ እስኪሞላ ሲጠብቅ ባቡሩ እንዳያመልጠው ነው። ሲመለስ ደግሞ ባቡሩ ዘግይቶ ማታ ኮምቦልቻ ሲደርስ መኪና አጥቶ እንዳያድር። ይህን ፍርሃት ማን ይሸከምለት? ትኬቱ ከደሴ ፒያሳ እስከ መድረሻው አንድ ከሆነ አደጋውን የሚሸከመው ባቡሩ ነው፤ አገናኙ አውቶቡስ ቢዘገይ ባቡሩ ይጠብቃል፣ ባቡሩ ቢዘገይ አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሁለቱም ካልተሳካ በሚቀጥለው ይሳፈራል። ሁለት ትኬት ከሆነ ግን አደጋውን የሚሸከመው ልጇን አዝላ የመጣችው እናት ናት። ደሴን ባቡር ውስጥ የሚያስገባትም የሚያስቀራትም ይህ ነው። ወጪውም ቢሆን ጣቢያ ከመገንባት ጋር አይነጻጸርም፤ ጥቂት አውቶቡሶችና አንድ ስምምነት ነው። የሚኒባስ ባለቤቶችንም ማስቀየም አያስፈልግም፤ ሥራውን በኮንትራት ለማኅበራቸው መስጠት ይቻላል።

በነገራችን ላይ ጽሑፉ «ዋናው መንገደኛ ደሴ ነው» ሲል ባቲን፣ ሐርቡን፣ ከሚሴን፣ ራሷን ኮምቦልቻን ረስቷል። እነዚህ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ደሴ አይወጡም።

የርቀቱ ነገር ላይ ጸሐፊው ከሌላው ሁሉ የተሻለ ይዘዋል። አስፋልቱ ከኮምቦልቻ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በር፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ለመግባት 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐዲዱ ግን ከኮምቦልቻ አዋሽ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ ከዚያ የጅቡቲውን መስመር ይዞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ለቡ ይሄዳል። ተደምሮ ወደ 480 ይጠጋል። ባቡሩ የተነደፈው ለመንገደኛ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ነው፤ በአማካይ 80 ቢይዝ 6 ሰዓት፣ አዋሽ ላይ ለመቀያየር ግማሽ ሰዓት ብንጨምር 6 ሰዓት ተኩል። አውቶቡስ ከምሳውና ከኬላው ጋር 7 ወይም 8 ሰዓት ይፈጅበታል። ከደሴ ለሚነሳ ሰው ደግሞ የመውረጃውንና የመጠበቂያውን ሰዓት ደምሩ፤ እኩል ይሆናሉ። አዲስ አበባ ለሚሄድ የደሴ ሰው ባቡሩ በፍጥነት አያሸንፍም። ይህን የሚክድ ደጋፊ ካለ ባቡሩን እየጎዳ ነው።

ግን የወሎ ሰው የሚሄደው አዲስ አበባ ብቻ ነው? አዳማን እንውሰድ። በመኪና አዲስ አበባ ገብቶ፣ መናኸሪያ ቀይሮ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ መመለስ ነው፤ በጠቅላላው ወደ 475። በባቡር ግን አዳማ ከአዋሽ ቀጥሎ መንገድ ላይ ናት፤ ከኮምቦልቻ 400 ገደማ። «ዞሮ ይሄዳል» የተባለው ሐዲድ ለአዳማ መንገደኛ አቋራጭ ነው። ሞጆና ቢሾፍቱም እዚያው መስመር ላይ ናቸው። ድሬዳዋና ጅቡቲማ ጭራሽ አይነጻጸሩም፤ አዋሽ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ወሎ ከጥንት ጀምሮ ከአፋርና ከምሥራቁ ጋር የሚነግድ፣ ልጆቹንም በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ማዶ የሚልክ አገር ነው። ጽሑፉ የመዘነው ባቡሩ የሚሸነፍበትን መድረሻ ብቻ ነው።

ፍጥነትን ሁሉ ነገር ማድረጉም ትክክል አይመስለኝም። የታንዛኒያውን ባቡር ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፤ የእኛን ሐዲድ የሠራው የቱርክ ኩባንያ ያፒ መርከዚ የዘረጋው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ሲጀምር ከዳሬሰላም ዶዶማ በአውቶቡስ 8 ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ከ4 ሰዓት በታች አደረገው። ድንቅ ነው፤ ግን ለእኛ አይሆንም፤ የእነሱ ለ160 የተነደፈ ነው፣ ዙሪያ ጥምጥምም የለበትም። እኛ የምናሸንፈው በሌላ ነገር ነው፤ በቀኑ ሰዓት።

ይህን ላብራራ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ስለማይፈለግ እኩለ ቀን ላይ የሚነሳ ደህና አውቶቡስ ማግኘት ዘበት ነው። እንግዲህ ከወረኢሉ፣ ከከላላ፣ ከመካነ ሰላም፣ ከተንታ የሚመጣው ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ቀድሞ ደሴ ይገባና አልቤርጎ ተከራይቶ ያድራል። የአልቤርጎውና የእራቱ ሒሳብ ከትኬቱ ጋር ሲደመር ጉዞው የሁለት ቀን ጉዞ ነው። ባቡር ግን ጨለማ አያስፈራውም። ከቀኑ 7 ሰዓት ከኮምቦልቻ የሚነሳ ባቡር ቢኖር ይህ ሰው ጠዋት ከወረዳው ተነስቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ በዚያው ዕለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለቡ ይደርሳል። ጽሑፉ ባቡሩንና አውቶቡሱን ሲያወዳድር ከመናኸሪያ እስከ መናኸሪያ ያለውን ብቻ ቆጠረ፤ ይህ መንገደኛ ግን ጉዞውን የሚቆጥረው ከደጃፉ ነው። ለቡ በምሽት የወረደ ሰው ታክሲ ያስፈልገዋል፤ ያም መታሰብ አለበት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። የወሎ ጉዞ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ ለዒድና ለገና መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ ትኬት በደላላ እጅ ይገባል፤ ታሪፉ የት እንደገባ አይታወቅም። አውቶቡስ በአንድ ቀን አይጨመርም፤ ባቡር ላይ ግን ተጨማሪ ፉርጎ ይቀጠላል። ሰው ባቡርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው በእንዲህ ያለው ሰሞን ነው። ያኔ በሰዓቱ ካደረሰው ኅዳር ላይም ይመለሳል።

የገንዘቡ ክርክር ቀረ። ጭነት የዚህ ሐዲድ ዋና እንጀራ ነው፤ አልከራከርም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ፋብሪካ አላት፤ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት 392 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያለ ኮንቴይነር ዕዳውን አይከፍልም። የመንገደኛ ባቡር ብዙ ቦታ ሙሉ ወጪውን እንደማይመልስም እውነት ነው። ግን ጸሐፊው ለባቡር የሚጠይቁትን ለአስፋልት ጠይቀው ያውቃሉ? የጣርማ በር መንገድ በየዓመቱ ስንት አተረፈ ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠገነው ከነዳጅና ከመንግሥት በጀት በሚመጣ ገንዘብ ነው፤ እኛም ጥሩ አድርገን ነው የምንከፍለው። አንዱን መንገድ አገልግሎት፣ ሌላውን ንግድ ብሎ መመዘን ፍርዱን አስቀድሞ መስጠት ነው።

ደግሞ ሐዲዱን፣ ዋሻውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ የጣቢያ ሠራተኛውን ለጭነቱ ሲባል መክፈል ግዴታ ነው። ለመንገደኛ የሚጨመረው ባቡሩ ራሱ፣ የሚፈጀው ኃይልና ጥቂት ሰው ነው። የትኬቱ ገንዘብ መመዘን ያለበት ከዚህ ጭማሪ ጋር ነው፤ ከጠቅላላው ዕዳ ጋር ከተመዘነማ ጭነቱም ይወድቃል።

አሁን ባቡሩ አልጀመረም፣ ክርክሩ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ከተዘረጋ ቆይቷል፤ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይል አጣ፣ ኋላ የ2014ቱ ጦርነት ጉዳት አደረሰበት። ይህ ግን ዝም ለማለት ምክንያት አይሆንም። ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት መተላለፊያ ባለበት ጣቢያ ብቻ ስለሆነ፣ በቀን ስንት ባቡር እንደሚያልፍና ማን ማንን ቆሞ እንደሚጠብቅ የሚወሰነው ሰሌዳው ሲነደፍ ነው። ቀኑ ሁሉ ለጭነት ከተሰጠና ላኪና አስመጪ ውሉን ከፈረመ በኋላ ለመንገደኛ የሚተርፈው ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚነሳ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ባቡር ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሌላ ጸሐፊ ባዶ ፉርጎ ቆጥረው «ይኸው፣ ሰው አይሳፈርም ብለን አልነበር?» ይላሉ። በመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ በየቀኑ የሚመላለስ አንድ የቀን ባቡር ይያዝ፤ አዋሽ ላይ ከጅቡቲው ባቡር ጋር ይገጣጠም፤ ከደሴ ፒያሳ የሚቆረጥ አንድ ትኬት ይኑረው። ይህ ተሞክሮ ሰው ከጠፋ ያን ጊዜ ጸሐፊውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።